ድንጋይ ጥዬ የሰማሁት

ለአበልጄ፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ጤናህን የምጠይቀው ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ስለ ጤናህ የማላውቀው የለም። ከበረንዳዬ የጭስ ማውጫህ ይታየኛል። ባለፈው የካቲት ውስጥ ለአራት ቀን ሙሉ ጭስ አልወጣም ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወጣ፤ እኔም ገብቼ ቁርሴን በላሁ። ጉልበትህ አልታዘዝ እንዳለህ፣ ሐኪሙ ጨውና ሲጋራ እንደከለከለህ፣ ጨውን ትተህ ሲጋራውን ግን ከጉረኖው ጀርባ ተደብቀህ እንደምታጨስ ሰምቻለሁ። በሰባ ስምንት ዓመት ከገዛ ልጅ መደበቅ ነውር ነው። ወይ ተወው፣ ወይ በረንዳህ ላይ ተቀምጠህ አጭስ።

እኔ ደኅና ነኝ። ከጥርሴ ጥቂት ቀርቷል፤ ጆሮዬ ይሰማል፤ እግሬ አልከዳኝም። ሚስቴ ካረፈች ባለፈው ሰኔ ሦስት ዓመት ሞላት። በቀብሯ ቀን ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመህ ነበር። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ የራስህን መጠምጠሚያ ፈትተህ በእጅህ ይዘኸው ነበር። ያየሁህ እንዳይመስልህ ፊቴን አዞርኩ። አይቼሃለሁ።

ከደጄ እስከ ደጅህ ያለው መንገድ አንድ ሲጋራ አያስጨርስም፤ ታዲያ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። አፌ ሁለተኛ እንዳያናግርህ ምያለሁ። ስለ እጄ ግን የማልኩት የለም። ይህን ለማሰብ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ፊደል እንዳልቆጠርክ አውቃለሁ። እኔንም ማንም አላስተማረኝም፤ ከመቃብር ድንጋይና አይብ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ግድፈት ቢገኝ የራሴ ነው፤ ማንም እንዳያርመው። የሚያነቡልህ ቄስ ስትራቲስ ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሲፊስ ቡና ቤት፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ይነበብ። ሲፊስ ቴሌቪዥኑን ያጥፋ። ድምፁን ይቀንስ አላልኩም፤ ያጥፋው። ቄስ ስትራቲስ፣ እርስዎም አንዲት ቃል እንዳይዘሉ። ሰው እንዳይቀየም የሚጨነቁ ሰው ስለሆኑ ያለሳልሱታል ብዬ እፈራለሁ። አያለሳልሱት። የሰደብኩት በሰው ፊት ነው፤ የምናገረውም በሰው ፊት መሆን አለበት።

ሲነበብ እኔ እዚያ አልኖርም፤ ተራራ ላይ ነኝ። ፈርቶ ነው የሚል ካለ እውነቱን ነው።

የምጽፈው ስለ አሥራ አራቱ በጎችና ስለ መሐላህ ነው። አንተ ታሪኩን ታውቀዋለህ። ቡና ቤቱ ውስጥ ግን ያን ጊዜ ያልተወለዱ አሉ፤ የሰሙትም ከእኔ አፍ ብቻ ነው፤ ከአንተ የሰማ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

ኅዳር ነበር፤ መንጋ ከላይኛው ግጦሽ የሚወርድበት ወር። እናቴ ታማ ወደ መንደር ወረድኩና መንጋዬን ለሁለት ቀን ላንተ ተውኩ። ለሌላ ሰው አልተውም ነበር። ልጄን ማኑሶስን ክርስትና ያነሳኸው አንተ ነህ፤ በአንዲት የድንጋይ ጎጆ ውስጥ አይብ እየሠራን አሥራ ሰባት በጋ አሳልፈናል። በሦስተኛው ቀን ስመለስ አሥራ ሦስት እናት በጎች ጎደሉ። ከእነሱም ጋር መሪው ሙክት፣ አባቴ በመዶሻ ድምፁን ያስተካከለውን ደወል እንዳሰረ፣ የለም።

አንተ እንዲህ አልከኝ፤ "ጉም መጣ፤ ከጉሙ ጋር በረዶ መጣ። መንጋው ለሁለት ተከፈለ። አንዱን ወገን ሰብስቤ ስመለስ ሌላው የለም። ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ።" ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርክም።

እኔ ደግሞ፣ "ጉም በግ አይበላም" አልኩህ።

አገራችን ለዚህ ነገር ሥርዓት አለው። የተጠረጠረ ሰው ከመንደሩ በላይ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ እጁን ያኖራል። "አልወሰድኩም፣ አላስወሰድኩም፣ የወሰደውንም አላውቅም" ይላል። ከዚያ ያስማለው ሰው ጉንጩን ይስመዋል፤ አረቄያችን ራኪ ይቀዳል፤ አብረው ይጠጣሉ፤ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ከመሐላ ወዲያ የጠረጠረ ሰው ሰውየውን ሳይሆን ቅዱሱን ነው ውሸታም ያለው። በዚህ ሥርዓት ስንት ደም ሳይፈስ ቀርቷል። አባቶቻችን ጠመንጃ አውርደውበታል።

አስማልኩህ። ሠላሳ ሰው ቆሞ ነበር። እጅህን ሥዕሉ ላይ አኖርክ። ሦስቱንም ቃል አልክ። ጉንጭህን አዘጋጅተህ ወደ እኔ ዞርክ። ብርጭቆ ተቀድቶ ቀረበልኝ። እኔም፣ "ቅዱሱ ሰምቶህ ይሆናል፤ እኔ አልሰማሁህም" አልኩና ራኪውን መሬት ላይ ደፋሁት። ከዚያም አፌ ሁለተኛ እንዳያናግርህ እዚያው ማልኩ።

እንዲህ ያለ ነገር በመንደራችን ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም የሠራ የለም። አንተ ዞረህ ወደ ቤትህ ወረድክ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ማኑሶስ ሲያገባ ተክሊሉን መያዝ ያንተ ነበር። ክርስትና ያነሳ ሰው ነው ተክሊል የሚይዘው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። እኔ ግን ከኻንያ ከተማ አንድ የአጎቴን ልጅ አስመጣሁ። ማኑሶስ "አባዬ፣ ያለ እሱ አላገባም" አለኝ። "እንግዲያው አታግባ" አልኩት። አገባ፤ በሠርጉም ማግሥት ኻንያ ወርዶ እዚያው ቀረ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። አንተን ሳይሳለም እንደማይመለስ አውቃለሁ። መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይደብቃል። መኪናው ቀይ ነው። ቀይ መኪና አይደበቅም።

በጎቼን ሸጥኩ። ብቻዬን መሄድ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሲፊስ በዚህ ሲያሾፍብኝ ኖሯል። "መንጋ የለህ፣ አይብ የለህ፣ ላይ ምን ጠፍቶብህ ነው?" ይለኛል። "ጫፉ ላይ ምን አለ?"

"ምንም የለም" እለዋለሁ።

"ታዲያ?"

"ስለሌለ ነው የምሄደው።"

ቡና ቤቱ ይስቃል፤ እኔም ዱላዬን አንስቼ እወጣለሁ።

ከነጭ ተራሮቻችን ሁለት ሺህ ሜትር ያለፉትን ጫፎች ሁሉ ወጥቻለሁ። ፓኽነስን፣ ትሮኻሪስን፣ ስም ያላቸውንና እረኛ እንኳ ስም ያላወጣላቸውን። በማንም መሪነት አልወጣሁም። ደንብ አለኝ። ጎህ ሲቀድ እነሣለሁ። ከሰው ጋር አልሄድም። ጫፍ ላይ ተራራ ወጪዎች በቆርቆሮ ሣጥን ባስቀመጡት ደብተር ስሜን አልጽፍም፤ ተራራው የመንግሥት ቢሮ አይደለም። የውጭ አገር ሰዎች እየበዙ መጥተዋል። አንድ ዱላ አይበቃቸውም፣ ሁለት ይዘው ይመጣሉ። ሲያገኙኝ በእጃቸው "ብቻህን?" ይሉኛል። አንድ ጣቴን አሳያቸዋለሁ። እነሱም አውራ ጣታቸውን አንስተውልኝ ያልፋሉ። ያሞገሱኝ ይመስላቸዋል።

ብቻውን ለሚሄድ ሰው ተራራ ይናገረዋል የሚሉ አሉ። አይናገርም። ድንጋይ ነው። ከላይኛው ግጦሽ በላይ ሣር የለም፤ ዛፍ የለም፤ አመድ የመሰለ ኮረት ብቻ ነው፤ ሲረግጡት እንደ ሸክላ ስባሪ ይንኳኳል። ቀትር ላይ ነፋሱ ሲቆም የገዛ ደሜን በጆሮዬ እሰማለሁ። ደረቅ የገብስ ዳቦዬን ለሁለት እሰብራለሁ። የእጅ ልማድ ነው። አንዱን በልቼ ሌላውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ መልሼ ኪሴ ከትቼው ስወርድ እበላዋለሁ።

ሚስቴ በሞተችበት በጋ ከፓኽነስ ጀርባ ኮረቱ ከእግሬ ሥር ከዳኝና ወደቅሁ። ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፤ ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ መነሣት አልቻልኩም። ልጣራ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የማንን ስም እንደምጠራ አጣሁ። መልሼ ዘጋሁት። በማግሥቱ በአራት እግሬ ወረድኩ ማለት ይቻላል። ሲፊስ እግሬን አይቶ "ምን ሆንክ?" አለኝ። "ጫማው ጠቦኝ ነው" አልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እየዞርኩ እንደሆነ ታውቆኛል።

ከትሮኻሪስ ጫፍ በታች፣ በሰሜን በኩል፣ በረዶ ዓመቱን ሙሉ የማይለቀው አንድ ጥግ ነበር። አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ ለውኃ የሚሆን በረዶ እየቆረጥን አውጥተንበታል። ከሥሩ ጉድጓድ ያለ ግን አልመሰለንም። ተራራችን ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚታየውን ጉድጓድ እንጠነቀቃለን፣ የማይታየውን ምን እናድርግ። ክረምቱ በረዶ የነፈገበት ዓመት መጣ፤ ከዚያም ሌላ እንዲያው ያለ ዓመት ተከተለው። በረዶው ቀልጦ ወደ ውስጥ ሰመጠ። የቤት በር የሚያህል አፍ ተከፈተ።

እረኛ ጉድጓድ ሲያገኝ የሚያደርገውን አደረግሁ። ጥልቀቱን ለማወቅ ድንጋይ ጥዬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት አልኩ። ከዚያ ደወል ሰማሁ።

ጭቃ የያዘው፣ የታፈነ ድምፅ ነበር። ነገር ግን አባቴ ያን ደወል በመዶሻ እየነካካ ድምፁን ሲፈልግለት ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀምጬአለሁ። ከሺህ ደወል መካከል እለየዋለሁ። አንተም ትለየዋለህ። ሁለተኛ ድንጋይ ጣልኩ፤ ሳተ። ሦስተኛ ጣልኩ። መለሰልኝ።

በማግሥቱ የእጅ ባትሪ በሲባጎ አስሬ ወደ ውስጥ አወረድኩ። አጥንት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተከመረ። የራስ ቅል ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ላይ ደረስኩ፤ የቀሩት ከሥር ይሆናሉ። ደወሉ ከነማሰሪያው በጭቃው ላይ ተጋድሟል። በዚያ ኅዳር ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። በጋው ረጅም ስለነበር አሮጌው በረዶ ከሥር ተበልቶ ከላይ ስስ ቆዳ ብቻ ቀርቶት ነበር። አዲሱ በረዶ በላዩ ሲነሰነስ ሜዳ መሰለ። መሪው ሙክት በጉሙ ውስጥ ረገጠው። እሱ ሲገባ ሌሎቹ ተከተሉት፤ በግ እንደዚያ ነው። ከዚያ የሚመጣው ክረምት ሁሉ አፉን እየደፈነ ሄደ።

ቄስ ስትራቲስ፣ እዚህ ላይ ውኃ ይጠጡና የሚቀጥለውን ቀስ ብለው ያንብቡ።

አበልጄ አልወሰደም። አላስወሰደም። የወሰደውንም አያውቅም፤ የወሰደ ሰው የለምና። የማለው እውነት ነው። ጉም መጣ፣ በረዶ መጣ፣ በጎቹ ጠፉ፤ እንዳለው ነው የሆነው። ሐሰተኛው እኔ ነኝ።

ይህን ያገኘሁት በዚህ በጋ አይደለም። ካገኘሁት ስድስት ዓመት ሆኖታል።

አሁን ቡና ቤቱ ይንጫጫ ይሆናል፤ ይንጫጫ። ቄስ ስትራቲስ፣ ሰዎቹ ዝም እስኪሉ ይጠብቁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሚስቴ በሕይወት ነበረች፤ ለእሷም አልነገርኳት። እሷ ከመጀመሪያው ታምንህ ነበር፤ በፋሲካ ቀይ እንቁላል በድብቅ ለቤትህ ትልክ እንደነበርም አውቃለሁ። ብነግራት "አላልኩህም?" ትለኛለች ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ ባለ ምክንያት ሰው እውነት ይዞ ሊቀመጥ ይችላል፤ እኔ ተቀምጫለሁ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ይኼኛው ይከብዳል። አንተ ሌባ ከሆንክ፣ ብቻዬን የኖርኩበት ዘመን ትርጉም አለው፤ የተበደለ ሰው ራሱን አክብሮ መለየቱ ነው። ሌባ ካልሆንክ ግን ያ ሁሉ ዓመት ምንድን ነው? ልጄ ወንበር ጫፍ ላይ የሚቀመጥልኝ ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከመመለስ ተራራ መውጣት ይቀለኝ ነበር። በየበጋው ወደዚያ ጉድጓድ እየሄድኩ ድንጋይ እጥላለሁ። ምናልባት አንድ ቀን ባይጮኽ ብዬ። ሁልጊዜ ይጮኻል።

አንተም ጥፋት የለብህም አልልም። በረዶው ሲቆም እንደገና ወጥተህ ዱካ መፈለግ ነበረብህ። ፈልገህ ይሆናል፤ እኔ አልጠየቅሁህም፣ አንተም አልነገርከኝም። ራኪውን ስደፋ አንገቴን ብታንቀኝ ይገባኝ ነበር። አንተ ግን ቤትህ ገብተህ ዝም አልክ። ዝምታህ ኩራት ነበር። ኩራት ሳየው አውቀዋለሁ።

ታዲያ አሁን ለምን ተናገርክ ትለኛለህ። የተናገርኩት በልጅ ልጅህ በሮዳንቲ ምክንያት ነው።

በሐምሌ መጨረሻ ትሮኻሪስ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ልጅ ከታች ብቅ አለች። እሷም ብቻዋን ነበረች። ፊቷ እንደ ሮማን ቀልቷል። አላወቅኋትም፤ የምትማረው አቴንስ ነው፣ አንተ ዘንድ የምትመጣው ለበጋ ብቻ ስለሆነ አድጋብኛለች።

"አባባ፣ ብቻዎን ነዎት?" አለችኝ።

"አንቺስ ከማን ጋር ነሽ?"

"እኔማ ስልክ አለኝ። ብወድቅ እደውላለሁ። እርስዎ ምን አለዎት?"

"ዱላ።"

"ዱላው ይደውላል?"

ሰው እንዲህ ሲያሾፍብኝ መልስ አላጣም ነበር። ግን ቀና ብዬ አፍንጫዋን አየሁት። ያ አፍንጫ በመንደራችን የአንድ ቤት ብቻ ነው። ዱላዬን አንስቼ ልሄድ ተነሣሁ።

"ቆይ፣ ቆይ!" አለችና ሳቀች። "እርስዎ በቅሎው ነዎት!"

"ምን አልሽ አንቺ?"

"ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም፤ አያቴ ነው እንደዚያ የሚልዎት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ በዚያ የወታደር መነጽሩ ሸንተረሩን ያያል። 'በቅሎው ዛሬም ወጣ' ይላል። ከዚያ ሲወርዱ ካላየዎት እራት አይበላም። እናቴ ትጮህበታለች፤ 'ሾርባው ሦስት ጊዜ ሞቀ፣ ና ብላ!' ትለዋለች። እሱ 'ዝም በይ፣ ገና ከሸንተረሩ አልወረደም' ይላታል።"

ልጅቱ ቦርሳዋን ፈትታ ውኃዋን አቀበለችኝ።

"ካገኘሽው ውኃ ስጪው ብሎኛል" አለች። "'አመሰግናለሁ ይለኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ' ብሎኛል።"

ጠጣሁ። አመሰግናለሁ አላልኳትም።

እሷ በመጣችበት ወረደች፤ እኔ ቆየሁ። ከዚያ በራሴ መንገድ ወርጄ ሸንተረሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ከፍታ መንደራችን የተበተነ ጨው ይመስላል፤ ቤትህን በሾላው ዛፍ ለየሁት። በረንዳው ላይ ሰው ይኑር አይኑር አይታይም። "ብቻዬን ወጣሁ፣ ብቻዬን ወረድኩ" እያልኩ ስንት ዓመት በዚህ ስኮራ እንደኖርኩ አሰብኩ። ፓኽነስ ጀርባ በወደቅሁበት ማታ ምን ያህል ቆይተህ እንደጠበቅህ አሰብኩ። ያን ቀን እራትህን በልተህ ነበር? ልጠይቅህ የምፈልገው ነገር ቢኖር ይህ አንድ ብቻ ነው።

እጄን ላነሣልህ ፈለግሁ። አላነሣሁም። ግን ፈጥኜ ወረድኩ፤ ሾርባው አራተኛ ጊዜ እንዳይሞቅ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጽፌ አራቱን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩ። ለማኑሶስም ለብቻው ጽፌለታለሁ። የጻፍኩለት ሁለት መስመር ነው። ክርስትና ያነሳህ ሰው እውነተኛ ነው፤ ተክሊልህን የነጠቅሁት እኔ ነኝ ብዬዋለሁ። መኪናውን የትም ያቁማት።

አሁን የሚቀረውን ልንገርህ። ሐሙስ ጉድጓዱ ውስጥ እገባለሁ። ማክሰኞ ይሻል ነበር፣ አየሩ ጥሩ ነው ብለዋል፤ ነገር ግን ማክሰኞ በአገራችን ገደ ቢስ ቀን ነው፣ ሥራ አይጀመርበትም። ደወሉን አውጥቼ እጅህን ባኖርክበት ሥዕል አጠገብ እሰቅለዋለሁ። የሠላሳው ሰው ግማሹ ሞቷል፤ የቀሩት መጥተው ይንኩት፤ ያልተወለዱትም መጥተው ይዩት። ወሬ ብቻ ከሆነ ነገ ሌላ ሰው ይገለብጠዋል። ብረት አይገለበጥም።

ስድሳ ሜትር ገመድ አለኝ። አስተሳሰሩን ከመጽሐፍ ተምሬአለሁ፤ ሥዕሉን እያየሁ ከሾላዬ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ሳምንት ስወጣ ስወርድ ሰንብቻለሁ። ጎረቤቴ በመስኮት አይቶ "ሽማግሌው በለስ ይለቅማል፤ ዛፉ ግን ወይራ ነው" ብሎ አስወርቶብኛል ይባላል። ዛፉም ሾላ ነው፤ ሰውየው ዛፍ አይለይም። የጉድጓዱ ጥልቀት ወደ ሃያ ሜትር ነው፤ የድንጋዩን ቆጠራ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከአፉ አጠገብ ሥር የሰደደ ዓለት አለ፤ ገመዱን እሱ ይይዘዋል። ለመያዝ ሰው አያስፈልግም።

ሆኖም እታች የገባ ሰው "ሳብ" ወይም "ልቀቅ" ማለቱ አይቀርም። ዓለት አይሰማም። ይህን የምጽፈው ነገሩ እንዴት እንደሆነ እንድታውቀው ብቻ ነው። ጉልበትህ አቀበት እንደማይችል አውቃለሁ። የሲፊስ በቅሎ ግን ትችላለች፤ ሲፊስም እዚያው ተቀምጦ እየሰማ ስለሆነ አላከራይም አይልም። ሮዳንቲ ቦታውን አታጣውም፤ ከጫፉ በታች በሰሜን በኩል ነው። እንድትመጣ አልጠየቅሁህም። ልጠይቅህ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም፤ መጠየቅም አላውቅበትም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የመኪናው መንገድ ከሚያበቃበት እነሣለሁ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ በፓኽነስ ትከሻ እስክትወጣ እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልጠብቅም። ሰው ቢኖርም ባይኖርም እገባለሁ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ጉልበትህን ያጽናልህ። መንጋህ አይጉደል። የልጅ ልጆችህ ደጅህን ይሙሉት፣ ክፉ ቀን መንገዱን ይሳተው። የእኔ ምርቃት የሚሰማ ከሆነ ይህን መርቄሃለሁ፤ የማይሰማ ከሆነም ቄስ ስትራቲስ በራሳቸው አፍ ይድገሙት።

ልጁን ክርስትና ያነሳህለት
አበልጅህ

ደግሞ፤ በነሐሴም ቢሆን ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ይበርዳል። ለሚወርደው ሰው ግድ የለም፤ ሥራው ያሞቀዋል። ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ግን ወፍራም ነገር መልበስ አለበት።